ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን፦ የዛገ ብሎን ለመፍታት የገዛኋቸው ዕቃዎች

ሥራዬ መድኃኒት መሸጥ ነው። ደሴ ውስጥ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት አለችኝ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ዕቃ ለማምጣት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ሐረጎን በክረምት የሚያውቅ ሰው ጉሙን፣ ጠመዝማዛውን፣ ከፊት እያቃሰተ የሚወጣውን ከባድ መኪና ያውቃል። እዚያ መንገድ ላይ ነው ከግራ የፊት ጎማ በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ መስማት የጀመርኩት። ፍሬን ስይዝ ቋ፣ ስለቅ ቋ።

ጎሚስታው ጎማውን አውልቆ በባትሪ አየና «የታችኛው ብራቾ ቦኮላ ነው፤ ላስቲኩ አልቋል» አለኝ። ለማያውቅ ሰው፦ ብራቾ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ ነው። ክንዱ በሚታሰርበት ቦታ መካከሉ ላይ የብረት ቱቦ ያለው ወፍራም ላስቲክ ይገባል፤ ቦኮላ የሚባለው እርሱ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ደግሞ ረጅም ብሎን ያልፋል። ይህ ሁሉ ጽሑፍ የዚያ የአንድ ብሎን ጉዳይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ክንዱን እንደ ልብ ለማንቀሳቀስ ከሾክ አብዞርበሩ እግር ላይ የሚፈቱ ሌሎች ሁለት ብሎኖችም ነበሩ፤ እነርሱም የዋዛ አልነበሩም።

ለምን ጋራዥ አልወሰድሽም የሚል ይኖራል። የቀኙን ባለፈው ዓመት ወስጄ ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ብሎኑ እምቢ ሲላቸው ኦክስጅን አምጥተው አቀለጡት። እሳቱ አጠገቡ ያለውን የጎማ ሽፋን ሁሉ ለበለበው። አዲሱን ቦኮላ ካስገቡ በኋላም መኪናዋ ክሪክ ላይ እንደተሰቀለች፣ ጎማዋ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አሰሩት። በአምስት ወሩ ላስቲኩ ተቀደደ። ምክንያቱን ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ አሁን አውቄዋለሁ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ብቻ የግራውን ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት በፍልሰታ ሰሞን፣ ግቢዬ ውስጥ ካለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር አስገባኋት።

በመጀመሪያ ያስደነገጠኝ የዝገቱ መጠን ነው። ደሴ ዝናብ አያጣትም፤ ነገር ግን የእኛ ዝናብ ብቻውን ብረትን እንደዚያ አይበላውም። መልሱ የተጻፈው የመኪናዋ ጀርባ ላይ ነው። እኛ ቪትዝ እንላታለን እንጂ በስተኋላዋ ያለው ጽሑፍ «ያሪስ» ይላል። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስሟ ነበር፤ ያሪስ የምትባለውና መሪዋ በግራ የሆነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚህ ከመምጣቷ በፊት አውሮፓ ስትነዳ የኖረችው ናት። በዚያ አገር በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። የእኔዋም ስንት ክረምት ጨው ስትረግጥ እንደኖረች እንጃላት። እኛ የምንገዛው መኪናውን ከነጨው ትዝታው ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቃዎቹ።

መጀመሪያ የገዛሁት የዛገ ብሎን ያላቅቃል የተባለ፣ በቆርቆሮ የታሸገ የሚረጭ ዘይት ነው። 780 ብር። የመለዋወጫ ሱቁ ልጅ «ረጭተሽ አሥር ደቂቃ ጠብቂ፤ እንደ ቅቤ ነው የሚፈታልሽ» አለኝ። ቆርቆሮው ላይም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ተጽፏል። በነገራችን ላይ በከተማችን እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ ሁሉ «ደብሊው ዲ 40» ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ እኔም ሱቅ ገብቼ የጠየቅሁት በዚያው ስም ነው። ስሙ የመጣው ከ«ውኃ ማስወገጃ፣ 40ኛው ሙከራ» ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቀመመውም ብረትን ከእርጥበት ለመጠበቅ ነበር። ዝገት ውስጥ ሰርጎ የሚገባው ዘይት ሌላ ዓይነት ነው፤ ያው ኩባንያ ራሱ ለዚያ የተለየ ምርት ይሸጣል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ በስም ሳይሆን በሥራው ጠይቁ። እኔ ዘንድ የመጣ ሰው «ነጩን ኪኒን ስጪኝ» ሲለኝ የሚሰማኝን ንዴት ያህል ባለ ሱቁም ሊናደድብኝ ይገባው ነበር፤ አልተናደደም፤ ዝም ብሎ ሸጠልኝ።

አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ሃያ ጨመርኩ። ምንም የለም። ዘይቱ ከብሎኑ ራስ ሥር ቡናማ ዕንባ ሆኖ ወርዶ መሬት ላይ ተንጠባጠበ፤ ወደ ውስጥ የገባ አይመስልም። ነገሩን ባስብበት አይገርምም። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገት ከተሠራበት ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል። በብሎኑና ጫፉ ላይ ተጠምዝዞ በሚያስረው ዳዶ መካከል የነበረችውን የፀጉር ያህል ክፍተት ያ ያበጠ ነገር ሞልቷታል። ጠብታ ዘይት በዚያ ውስጥ መንገድ ለማግኘት አሥር ደቂቃ ሳይሆን ቀናት ያስፈልጉታል። ይህን ለመረዳት የፋርማሲ ዲግሪ ባላስፈለገኝ ነበር፤ ግን ችኩል ነኝ።

ችኩልነቴ ወደ ሁለተኛው ግዢ ወሰደኝ። በሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ሳጥን የተደረደረ፣ እንደ ኩባያ በብሎን ራስ ላይ የሚደፋ መፍቻ፣ ሶኬት የምንለው፣ ሙሉ ስብስብ በ2,400 ብር። ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው ሲታዩ እንደ ቅዳሴ ዕቃ ያምራሉ። ባለ 19 ሚሊ ሜትሩን አውጥቼ ብሎኑ ራስ ላይ ደፋሁት፤ እጀታውን በሁለት እጄ ሳብኩ፤ አልነቃነቅ ሲል በእግሬ ቆምኩበት። ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተፈታ ብዬ ደስ አለኝ። የተሰነጠቀው ግን ሶኬቱ ነበር፤ ከአፉ እስከ ወገቡ ድረስ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ። ከዚያ የባሰው የብሎኑ ራስ ነው፤ ከስድስቱ ማዕዘኖች ሦስቱ ተልጠው ወደ ክብ መሄድ ጀምረዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። እነዚያ የሚያብረቀርቁ ሶኬቶች ውስጣቸው አሥራ ሁለት ማዕዘን አለው። ለመደበኛ ሥራ ምቹ ናቸው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቶሎ ይገባሉ። ነገር ግን ብሎኑን የሚይዙት በማዕዘኑ ጫፍ ላይ ነው። የዛገ ብሎን ማዕዘን ደግሞ እንደ በሰበሰ ጥርስ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ሶኬት ግን ጠፍጣፋውን ጎን ይገፋል፤ ጉልበቱ በሰፊው ይከፋፈላል። ሶኬት ስትገዙ ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ስድስት ካልሆነ ለዚህ ሥራ አትክፈሉበት።

ሶኬቱን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «በእግር ተቆሞበት ነው» ብለው አልቀበልም አሉ። እውነት ነው፤ ቆሜበታለሁ። ግን 58 ኪሎ ነኝ፤ እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲሰላ 170 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና ተብሎ የተሸጠ ሶኬት ይህን ካልቻለ ለብስክሌት ነው መባል ነበረበት። ተከራከርኩ፤ አልተሳካም።

ከሱቁ ስመለስ ጎረቤቴ ሐጂ በር ላይ ቆመው መኪናዋን ያያሉ። ሐጂ በጉልምስናቸው ዘመን ከአሰብ በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ድረስ የፊያት ከባድ መኪና፣ ያችኑ ኤንትሬ የምትባለዋን፣ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በረሃ ላይ መኪና ሲበላሽ መካኒኩም ጋራዡም ሹፌሩ ራሱ ነበር። ጎንበስ ብለው የተላጠውን ብሎን አዩና፣

«አንቺ ልጅ፣ ብሎን ነው የምትፈቺው ወይስ ጠብ ይዘሻል?» አሉኝ።

አሳፈረኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አብሽሪ። ጨው የበላውን ብረት እኔ ነኝ የማውቀው፤ የአሰብ አየር ስንቱን አስለቅሶኛል። ጉልበት አይደለም የሚፈልገው። በይ ዘይትሽን አምጪው።»

ትእዛዛቸው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ብሎኑንና ዳዶውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ማጽዳት፤ ዘይቱ ዝገት ላይ ከተረጨ ዝገቱ ይጠጣዋል እንጂ ወደ ብሎኑ ጥርስ፣ ወደ ጠመዝማዛው መስመር፣ አያሳልፈውም። ቀጥሎ መርጨት። ከዚያ በመዶሻ የብሎኑን ራስ አናቱ ላይ ጠንከር አድርጎ አምስት ስድስት ጊዜ መምታት፤ ሲንቀጠቀጥ ዝገቱ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱ ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል። ይህንኑ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት። በቀን ስንት ጊዜ ይህንኑ ለሰው እየተናገርኩ በራሴ ጊዜ አንድ ኪኒን ውጬ ለምን አልዳንኩም ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ስለ ቆርቆሮው ያለኝ ፍርድ እዚህ ላይ ተለወጠ። ዘይቱ መጥፎ አይደለም። መጥፎው «አሥር ደቂቃ» የሚለው ቃል ነው። ሦስት ቀን ሲሰጠው፣ ከብሩሽና ከመዶሻ ጋር ሲሆን፣ ገንዘቡን ያወጣል። ግማሹ እስካሁን አለኝ።

ሦስተኛው ግዢ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ዋጋውም የሚያብረቀርቀውን ሳጥን ግማሽ አይደርስም። ሐጂ «አዲስ ነገር አትግዢ» ብለው ሰኞ ገበያ ያገለገለ የብረት ዕቃ መሬት ላይ ዘርግቶ ወደሚሸጥ ሰው ላኩኝ። ሸራው ላይ የተዘረጋው ነገር ብዛት! የተሰበረ ሞርሳ፣ የበር ማጠፊያ፣ እጀታ የሌለው መጋዝ፣ የማይታወቅ መኪና ማርሽ። ከመካከላቸው ጥቁር፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ምንም የማያብረቀርቅ ባለ 19 ሶኬት አገኘሁ። በአየር ግፊት ለሚሠራ መፍቻ የተሠራ ዓይነት ነው፤ ውስጡ ስድስት ማዕዘን። ከረጅም ጠንካራ ዘንግ ጋር 1,100 ብር አለኝ፤ በ900 ተስማማን። ሻጩ አልዋሸኝም፤ «ዘንጉ ትንሽ ተጣሟል፣ ግን አይሰበርም» ብሎ ነው የሸጠልኝ። በዚህ ከተማ ዕቃ ስገዛ ጉድለቱን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ዘንጉ ላይ የሚሰካ የውኃ ቱቦ ቁራጭ ከአንድ ብየዳ ቤት በ150 ብር አስቆረጥኩ። ሲሰካ ጠቅላላው ርዝመት 1 ሜትር ከ20 ሆነ። ያው 58 ኪሎዬ አሁን 680 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ያው እኔ፣ አራት እጥፍ።

በአራተኛው ቀን ጀመርን። ሐጂ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ እኔ ከሥር እሠራለሁ። ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ፣ ከሻሲው ሥር ሁለት የእንጨት ጉማጅ፣ በዚያ ላይ የወለቀውን ጎማ ከመኪናዋ ሆድ ሥር አጋደምን። ክሪክ ሊያነሣ እንጂ ሊሸከም አይታመንም፤ በዚህ ላይ ሐጂ ቀልድ አያውቁም።

የሾክ አብዞርበሩን ሁለት ዳዶዎች ያሸነፍናቸው በጧፍ ነው። አዎ፣ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ። ሐጂ «ሰም አለሽ?» ሲሉኝ መጀመሪያ ለቁስል መስሎኝ ነበር። በአካባቢው የተረጨውን ዘይት በደንብ ጠራረግሁ፤ የሚረጨው ዘይትም ሆነ የቆርቆሮው ጋዝ ተቀጣጣይ ነውና ቆርቆሮውን ከግቢው ማዶ አስቀመጥኩት። የፍሬን ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ። ከዚያ በትንሽ የጋዝ እሳት ዳዶውን ብቻ፣ ብሎኑን ሳይሆን፣ ሁለት ደቂቃ ያህል አሞቅሁ። እሳቱን አራቅሁና ጧፉን ጥርሱ ላይ አስነካሁት። ሰሙ እንደ ውኃ ቀለጠ፤ ቀጥሎ ያየሁትን ግን አልረሳውም፤ ወደ ታች መንጠባጠቡን ትቶ ጥርሱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ጠፋ። እንደገና ነካሁ፤ እንደገና ጠጣው። ባለ 14 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሰፋው አንድ ሚሊ ሜትር ለሃያ ተከፍሎ አንዱን እጅ ብቻ ነው። ለሰም ግን በቂ በር ነው። ቱቦውን ሳብኩ፤ ገፍቼ ቢሆን ኖሮ ሲላቀቅ ጣቴን እሰብር ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ ራስ መሳብ ነው። እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ብሎ ተፈታ። ሁለተኛውም ተከተለ። ከመፍታቴ በፊት ብሎኖቹ የተቀመጡበትን ቦታ በሚስማር ጭሬ ምልክት አድርጌ ነበር፤ አለዚያ የጎማው አቋም ይዛባል። የሾክ አብዞርበሩን የላይኛውን የመካከል ዳዶ ደግሞ በፍጹም አልነካሁም፤ እርሱ የታመቀ ሞላ ይዟል፤ ሰው ይገድላል።

የብራቾው ብሎን ግን ሌላ ፍጡር ነው። እሳት አይሆንም፤ ላስቲክ አለ። ዳዶው በቱቦው ጉልበት ወለቀ። ብሎኑን ሳዞረው በቀላሉ ሩብ ዙር ሄደልኝ፤ እሰይ ብዬ ስለቀው ወደ ነበረበት ተመለሰ። እንደገና ሩብ ዙር፤ እንደገና ተመለሰ። የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ሐጂ ሳቁ። «ከቱቦው ጋር ተጋብቷል፤ የምታዞሪው ላስቲኩን ነው» አሉ። በቦኮላው ውስጥ ያለው የብረት ቱቦና ብሎኑ በዝገት አንድ ሆነዋል፤ ዘይት ደግሞ በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ በቀላሉ አይደርስም። መፍትሔው ዳዶውን ከብሎኑ ጫፍ እኩል እስኪሆን መልሶ ማስገባት፣ ጥርሱን እንዲጠብቅ፤ ከዚያ በትልቅ መዶሻ መምታት፤ መርጨት፤ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው ማወዛወዝ፤ መልሶ መምታት። ቡና ቀርቦልን አቦሉን ጠጥተን ተመለስን፤ ቶናውን ጠጥተን ተመለስን። በረካው ላይ ስኒዬን ሳስቀምጥ ሐጂ ተነሥተው ራሳቸው አንድ ጊዜ መቱት። ጣት ያህል ወጣ። አሮጌውን ብሎን በጨርቅ ጠርጌ አየሁት፤ መካከሉ እንደ ተበላ በቆሎ ሰርጉዷል። አዲሱን ከማስገባቴ በፊት ለስላሳ ገላው ላይ ግራሶ ቀባሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚፈታው ሰው እንዳይረግመኝ።

አሁን ወደዚያ ጋራዥ ስህተት። አዲሱን ብሎን በእጅ ኃይል ብቻ አስይዤ፣ ጎማውን መልሼ፣ መኪናዋን ከክሪክ አወረድኩ። ሐጂ «በእግሯ ትቁምና ከዚያ አጥብቂ» አሉ። የቦኮላው ላስቲክ በጥብቅ ሲታሰር የታሰረበትን አቋም ይይዛል። መኪናዋ እንደተሰቀለች ካጠበቁት፣ መሬት ስትነካ ላስቲኩ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይብስበታል፤ ይቀደዳል። የቀኙ በአምስት ወሩ ያለቀው በዚህ ነው። ማስተካከያው ምንም ወጪ የለውም፤ ተኝቶ ለመግባት የደረት ስፋት ብቻ ይጠይቃል።

በማግስቱ የጎማ አቋም አስለክቼ ሐረጎን ወረድኩ። ጉሙ እንዳለ ነው፤ «ቋ» የለችም።

ለሚገዛ ሰው በአጭሩ፦ ጥቁሩን ሶኬትና ቱቦውን ያለ ማመንታት ግዙ። የሚረጨውን ዘይት ትዕግሥት ካላችሁ ብቻ። የሚያብረቀርቀው ሳጥን የእኔ ቤት አለ፤ 19 ቁጥሩ የጎደለው፤ የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ፤ ጉድለቱንም አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። ቱቦውን ሐጂ ወስደው የግቢያቸው በር መቀርቀሪያ አድርገውታል፤ ሲያስፈልገኝ አንኳኩቼ እወስዳለሁ። በቅርቡ ያስፈልገኛል፤ የቀኙ ቀርቷልና። የመጀመሪያውን ዛሬ ማታ ረጭቻለሁ።